ባጃጅ ያስቆመ አልበም

ጅማ የመጀመሪያ አልበማችንን የተቀበለችው ሞተር በማጥፋት ነው። ሌሎች ባንዶች አልበም ሲያወጡ የወደደው ሰው ይጨፍራል፣ ያልወደደው ይሳደባል። የእኛን የሰማ ሰው ግን ዳር ይዞ ይቆማል፣ ቁልፉን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ከኋላ ዞሮ ያጎነብሳል። ይህን ሳወራ የማጋንን የሚመስላቸው አሉ። ወላሂ አላጋንንም! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እኛ ደግሞ ጉዱን ራሳችን በፍላሽ ጭነን አደልነው።

አራት ነን። እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፤ ቀን ቀን በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በአባቴ የባጃጅ ጋራዥ በር ላይ ካንዴላና የፍሬን ሽቦ እሸጣለሁ። ጊታር የሚመታልን ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። ከበሮ መቺያችን ሰርቦ ከተማ፣ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ክንዱ የግንድ ያህል ነው፣ ሳቁ ግን የሕፃን። ዘፋኛችን ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የሞባይል ሱቅ አለው፤ ስክሪን ይቀይራል፣ ለሹፌሮች በፍላሽ ዘፈን ይጭናል፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ግጥም ያወጣል።

የምንጫወተው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስንቴ ተጣልቻለሁ መሰላችሁ! ሮክ ነው። ግን ዝም ብሎ ሮክ አይደለም፤ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ መሣሪያችን ነው። ጀንፈል ቡና ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ ቀድተናል። የመቀሸሪያው ማሽን ሲነሳ የሚያጓራውን ቀድተናል። የእናቴን የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ቀድተን ጊታር አስከትለንበታል። እናቴ አንዱን ዘፈን በትዕግሥት ሰማችልንና «እኔ አልጨፍርም አላልኩም» አለች፤ «ብቻ የቱ ጋ እንደሚጨፈር አሳዩኝ።»

የእኛ ምኞት አንድ ነበር። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ዘፈናችንን ሰምቶ ሲያበቃ «ይደገም!» እንዲል። ሌላ ምንም አልፈለግንም።

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ሞተር በጆሮው የሚያክም መካኒክ ነው። ሌላው ፈትቶ፣ ዘይት አፍስሶ፣ ግማሽ ቀን ተጨማልቆ የሚያገኘውን በሽታ አባቴ ሳይፈታ ያገኘዋል። እጀታው የተላጠ ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ይፈርዳል። «የፒስተን ፋሻ ነው።» «ካምቢዮ ነው።» ትሑት ሰው እንዳይመስላችሁ! «እኔ ሐኪም ብሆን ኖሮ በሽተኛ ልብሱን አያወልቅም ነበር» እያለ በጠራራ ፀሐይ የሚጎርር ሰው ነው። እኛም እንወድለታለን፤ ጉራው እውነት ነዋ።

አንድ ሕግ አለው። ሞተር ከማዳመጡ በፊት ድምፅ የሚያወጣውን ሁሉ ዝም ያሰኛል። መጀመሪያ የባጃጁን ቴፕ ሽቦ ይነቅላል። ቀጥሎ ባለቤቱን ዝም ያሰኛል። በመጨረሻ እኔን። «ሞተር ሲናገር ሰው ዝም ይላል» ይላል፤ ይህን ሲል አንድ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ሞተር ከሚይዘው በሽታ ሁሉ ሹፌር እንደ ሞት የሚፈራው ቢየላ ነው። ቢየላ ፒስተኑን ይዛ የምትወጣና የምትወርድ ብረት ናት። እሷ ከላላች ሞተሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ያንኳኳል፤ ያን እያንኳኳ ከነዱት ደግሞ ሞተሩ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ቢየላ ሲያንኳኳ ሰምቶ አንድ መታጠፊያ እንኳ የሚታገሥ የጅማ ሹፌር የለም።

ጋራዣችን ጓሮ አንዲት አሮጌ ባጃጅ ነበረች። አባቴ ጋራዥ ሳይከፍት በፊት የነዳት፣ እኔንም ትምህርት ቤት ያመላለሰባት። ቢየላዋ ሞቷል። አባቴ ስንት ዓመት ሲያስታምማት ኖሮ አንድ ቀን «በቃ፣ ለቁራሌው ትሰጥ» ብሎ ፈረደባት። እሱ አጋሮ ለቅሶ በሄደበት እሁድ እኛ አራታችን ጓሮ ገባን። ስልኮቻችንንና ያለችንን አንዲት ማይክ ዙሪያዋን ደርድረን በእጅ ማስነሻው ስበን አስነሳናት። ተነሳች! ቋ፣ ቋ፣ ቋ ትልና ደግሞ አንዱን ትውጣለች። እንደ አንካሳ ዳንሰኛ። ከበሮ መቺያችን ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ማሎ! ይቺማ ከእኔ ትበልጣለች!» አለ። ደስታ ሊገድለን ነበር። ጭሱ አስለቀሰን፣ ሳቁ አስለቀሰን፣ ከአጥር ማዶ ጎረቤት «ምን እያቃጠላችሁ ነው?» እያለ ይጮሃል።

በማግሥቱ ቁራሌው መጥቶ ባጃጇን በጋሪ ጭኖ ወሰዳት። ድምፅዋ ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ፤ የአልበሙ መክፈቻም እሷ ሆነች። መጀመሪያ ሞተር ብቻ ነው፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም። ከዚያ የእኔ ቤዝ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይፈነዳል። ጊታር መቺያችን «ሞተሩ በዛ፣ ሰው ይሰለቻል፣ እናሳጥረው» አለ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። «ይሰልች! ባጃጅ ውስጥ የሚኖር ሰው ሞተር ቢሰማ ምን ይሆናል?» ብዬ ጮኽኩበት። ተኮራረፍን፣ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቅን፣ ሞተሩ ሳያጥር ቀረ። አሸነፍኩ። ምነው ተሸንፌ ቢሆን ያልኩበት ጊዜ ይመጣል፤ ጠብቁ።

አባቴ ባንድ እንዳለኝ ያውቃል። አልከለከለኝም፤ አልሰማኝምም። «ሲያልቅ እሰማዋለሁ» ይል ነበር። ሲያልቅ ደግሞ «ሥራ ሲቀል እሰማዋለሁ» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ከጅማ ሕዝብ ሁሉ ይልቅ የእሱን ጆሮ ነበር የምፈልገው። ፋሻን ከካምቢዮ በድምፅ የሚለይ ሰው የልጁን ቤዝ ሰምቶ ምን ይል ይሆን? ይህን እያሰብኩ ካንዴላ ፈንታ ሽቦ ሰጥቼ ከደንበኛ ጋር ተሰዳድቤያለሁ።

አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት የተጫወትነው ሰርቦ፣ የከበሮ መቺያችን የአጎት ልጅ ሰርግ ላይ ነው። በላብ ተጠመቅን። ዘፋኛችን ተንበርክኮ ጮኸ። እኔ ራሴን ከመነቅነቄ የተነሳ ሻርፔ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ። ድንኳኑ ጭጭ! ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡና በትሕትና «ልጆቼ፣ መሣሪያውን ማስተካከል ስትጨርሱ ትጀምሩልናላችሁ አይደል? ሙሽሮቹ ደክሟቸዋል» አሉን። ከበሮ መቺያችን «ኤዬ አባ፣ አሁን እንጀምራለን» ብሎ ከስልኩ አንድ የታወቀ የሰርግ ዘፈን ከፈተ። ድንኳኑ ተነቃነቀ። ያን ቀን ከወደ ጥግ «ይደገም!» የሚል ድምፅ ሰምተናል። ለስልኩ ነበር።

ጊንጆ ጉዱሩ ደግሞ አንድ የጁስ ቤት ባለቤት፣ የዘፋኛችን ጓደኛ፣ አልበሙን በይሉኝታ ከፈተልን። አንድ ደንበኛ የጁስ መፍጫው ተቃጠለ ብሎ ሮጦ ሶኬት ነቀለ። እኛ ጥግ ተቀምጠን አቮካዶ እየጠጣን ነበር። ሳቅን፤ ግን ሳቃችን ወደ መጨረሻው ትንሽ ቀጠነ።

ያኔ ነው ዘፋኛችን ያ ታላቅ ሐሳብ የመጣለት። ኢድ እየደረሰ ነበር፤ ለኢድ ደግሞ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ አዲስ ዘፈን ያስጭናል። «በእያንዳንዱ ፍላሽ ላይ የእኛን መጀመሪያ አስገብቼ እጭንላቸዋለሁ፤ እንደ ምርቃት» አለ። «ቁልፍ በዞረ ቁጥር የእኛ አልበም ይጀምራል፤ ወደዱም ጠሉም ይሰሙታል!» ጨብጨብ አደረግን። የባጃጅ ቴፕ ከቁልፉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲነሳ ፍላሹን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስፒከሩ ደግሞ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ፣ ልክ ሞተሩ አጠገብ ነው። ከአራታችን አንዳችን እንኳ «ቆይ እስኪ» አላልንም። ሁለታችን፣ እኔና ጊታር መቺያችን፣ የሞተር ሰዎች መሆናችንን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

ኢድ አለፈ። እኛ ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። ምንም። ማንም ስለ አልበሙ አንድ ቃል አይተነፍስም።

በዚያው ሰሞን ጋራዣችን በባጃጅ ተጥለቀለቀ።

መጀመሪያ የመጣው የታወቀ ደንበኛችን ነው። «ጋሼ፣ ቢየላ ሳይሆን አይቀርም። ያንኳኳል» አለ። አባቴ እንደ ሕጉ የቴፑን ሽቦ ነቀለ፣ ልጁን ዝም አሰኘ፣ እኔን ዝም አሰኘ፣ ካቻቢቴውን ተከለ። ሞተሩ እንደ ጤነኛ ሕፃን ያንቀላፋል። «ምንም የለውም፣ ሂድ» አለና ሽቦውን መለሰለት። ልጁ ወጥቶ አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደገና ጀመረው።» ሽቦ ይነቀላል፣ ካቻቢቴ ይተከላል፣ ምንም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ከዚያ ሌላው መጣ። ከዚያ ሌላው። እንደ ጉንፋን ተላለፈ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ድምፅ ነው። አባቴ መጀመሪያ ሳቀባቸው። ቀጥሎ «ነዳጁ ነው» አለ። ቀጥሎ «ዝናቡ ነው» አለ። አንዱ ሹፌር ለሞተሩ ዱዓ አስደረገ። ጊታር መቺያችን ግን መጥቶ «ሰሞኑን የሁሉ ሞተር ታሟል፤ የእኔ ብቻ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድና ቀርታለች» እያለ ይኩራራል። የእሱ አልታመመችማ! እሱ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ እንደ ዘፈን እያጨበጨበ ይነዳል።

ሳቁ የቆመው አንድ ጠዋት ነው። ያ የመጀመሪያው ደንበኛችን በጋራዡ በር ሲያልፍ ቆመና፣ ለተንኮል ሳይሆን ከልቡ አዝኖ «ጋሼ፣ ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስፈታሁት። ቢየላ ነው ብለው ቀየሩልኝ። እርስዎ አልሰሙትም እንጂ…» አለ። አልጨረሰውም። አባቴ ወደ በርሜሉ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። አባቴ ሳይመሽ እጁን ታጥቦ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮውን መፈተን ያዘ። ከጋራዡ በር ውጭ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆምና «ጣይ» ይለኛል፤ እኔ ብሎን ሲሚንቶ ላይ እጥላለሁ። «ሰማሁ። ከእሱ ያነሰ ጣይ።» ያነሰ እጥላለሁ። «ሰማሁ» ይላል፣ ግን ፊቱ አይፈታም። «ታዲያ ሁሉም የሚሰማውን እኔ ብቻ የማልሰማው ለምንድን ነው? አንቺ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም፣ አባዬ።»

«አንቺማ ያ ጊታር ጆሮሽን ጨርሶታል» አለ። ሊያስቀኝ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

እራት ላይ እናቴን «አዛን ብሏል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ድሮ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነበር። እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች። ጉራው ጠፋ። ቤታችን ያለ አባቴ ጉራ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበር፤ የሰው ቤት መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት ወደ ሱቄ መጣና ካቻቢቴውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ያዢያት» አለኝ። «ከአረፋ በኋላ ጋራዡን ለሌላ ሰው አስረክባለሁ። ጆሮ የሌለው መካኒክ የሰው ሞተር ሲገድል ነው የሚኖረው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገዳይ አልሆንም።» እሱ ሲሄድ ከጎማዎቹ ኋላ ገብቼ አለቀስኩ። እጀታው ላይ የጆሮው ዘይት አለ፤ እንጨቱ ከዚያ ወገን ጠቁሯል።

በማግሥቱ ጊንጆ ጉዱሩ ዘፋኛችን ሱቅ ተሰበሰብን። ስብሰባው ስለ አልበሙ ሞት ነበር። «አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም» አለ ዘፋኛችን፤ «ስንቱ ላይ ጫንኩት!» ከበሮ መቺያችን «ምናልባት ሰምተውት ይሆናል፤ አዝነውልን ይሆናል ዝም ያሉት» አለ። እኔ ስለ አባቴ እያሰብኩ ስለነበር ተናደድኩ። «አልበማችሁን ይዛችሁ ቅበሩት!» ብዬ ወጣሁና ከፊቴ ባገኘሁት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩን አላውቀውም፤ ቀጠን ያለ፣ ጥርሱ ላይ መፋቂያ የያዘ ወጣት ነው።

ትንሽ እንደሄድን ከጀርባዬ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተነሳ። እኔ በሐሳብ ሩቅ ነኝ። ጣቶቼ ግን ጭኔ ላይ ይዘጋጃሉ፤ ሊገቡ ነው። ልክ ሊገቡ ሲሉ ሹፌሩ «ኤጭ!» ብሎ ዳር ያዘና አጠፋው። ወርዶ አጎነበሰ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ አድርጎ ተመለሰ፣ አስነሳው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጣቶቼ እንደገና ተዘጋጁ። እንደገና አጠፋው። ያኔ ነው ቀና ብዬ የራሴን እጅ ያየሁት። እጄ ከእኔ ቀድሞ አውቋል።

«አስነሳው!» አልኩት።

«እህቴ፣ ሌላ ባጃጅ ያዢ፤ ይሄ በሽተኛ ነው…»

«አስነሳው አልኩህ!»

አስነሳው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ የምትዋጠዋ። የእኛዋ አንካሳ! እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ከኋላ ተንጠራርቼ ያዝኩት። «አትዝጋው!»

«ቢየላ ነው እኮ!»

«ቢየላ አይደለም፣ አልበም ነው!»

የልጁ መፋቂያ ከአፉ ወደቀ። እብድ የጫነ መሰለው። ከዚያ ቤዜ ገባ፣ ጊታሩ ተከተለ፣ ዘፋኛችን ጮኸ፣ ሹፌሩም አብሮ ጮኸ፤ እሱ ግን ከድንጋጤ ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ተጠቅልዬ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪቆርጠኝ፣ እንባዬ ሻርፔን እስኪያርሰው ሳቅኩ። ጅማ አልበማችንን ሰምታለች! ከተማው ሙሉ ሰምቷል፤ ብቻ አንድም ሰው ሞተሩን አላለፈም። ከዚያ ድንገት አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ አልደነቆረም። ጆሮው ምንም አልሆነም። የማይሰማው መጀመሪያ የቴፑን ሽቦ ስለሚነቅል ነው!

«በቾ ቦሬ! ንዳ! ክነፍ!» አልኩ። በመንገዱ ሁሉ ለጓደኞቼ እየደወልኩ እጮሃለሁ፤ እነሱም ያልገባቸውን ያህል ይጮሃሉ። የሹፌሩ ጓደኞች ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብለው ከኋላችን ተከተሉን። ጋራዡ ስንደርስ ሰርገኛ እንመስል ነበር።

አባቴ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ጆሮህ ደህና ነው!» አልኩት። «የሚያንኳኳው የእኛ ዘፈን ነው፣ ሞተር አይደለም!» አየኝ። ረጅም አየኝና «ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ። አታጽናኚኝ» አለ።

«አላጽናናሁህም!»

«ይሄ ሁሉ ሹፌር ዘፈንና ቢየላ መለየት ያቅተዋል?»

ሹፌሮቹ መሬት መሬት አዩ። ጊታር መቺያችን ደርሶ ባጃጁን በሩ ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። አባቴን እጁን ይዤ ጎትቼ ወሰድኩት። ጎንበስ አለና፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና፣ ቀጥታ ወደ ቴፑ ሽቦ እጁን ሰደደ። ያዝኩት። «ዛሬ አይነቀልም!»

አባቴን እጁን ይዤ ከልክዬው አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን። ጊታር መቺያችን ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞረ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

አባቴ የቆመውን ሞተር አየ። ጸጥ ያለ፣ የማይነቃነቅ ሞተር። ከዚያ ስፒከሩን አየ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ምን እንደፈለገ ገባኝና ከሱቄ ሮጬ ካቻቢቴውን አመጣሁለት። ጫፉን ስፒከሩ ላይ ተከለ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቢየላ ነው» አለ። ሹፌሮቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ፣ አንዱ ሌላውን «አላልኩህም?» እያለ ገፈተረው። አባቴ ግን ዓይኑን አልገለጠም። ጣቱን አነሳ። ሁሉም ዝም አለ።

«ሦስት ትመታና አንዷን ትውጣለች» አለ ለራሱ። «ዳገት ላይ ደግሞ አትውጣትም ነበር። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠና እኔን አየኝ። ዓይኑ ሞልቷል። «ይቺ የእኔዋ ናት። ቁራሌው ወስዷት የለም እንዴ?»

«ሳይወስዳት ቀድተናት ነው፣ አባዬ።»

«ሱብሓነላህ!» አለና በረጅሙ ሳቀ፤ ያ የጠፋው ሳቁ፣ ያ ጉረኛው ሳቅ! «ሰማችሁ?» አላቸው ሹፌሮቹን። «ሰው ልጁን በድምፅ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ሞተሬን! ጆሮ ማለት ይሄ ነው! ማነው ደነቆረ ያለው?» ማንም አላለም ነበር፤ እሱ ራሱ ነበር ያለው። ግን ማን ያስታውሰዋል?

ያኔ ቤዙ ከሥር ገባ። አባቴ ካቻቢቴውን እንደገና ጆሮው ላይ አደረገ። «ይሄኛው ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

አንዱ ሹፌር ሊያወራ አፉን ሲከፍት አባቴ ሳያየው ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። ጊታሩ ገባ፣ ከበሮው ፈነዳ፣ ዘፋኛችን ያን ጩኸቱን ጮኸ። አባቴ ንቅንቅ አላለም። ያ ሁሉ ሕዝብ በዘይት ተጨማልቆ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዘፈናችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጠልን። እኔ ሹፌሮቹን አላየሁም፤ የማየው የአባቴን ፊት ብቻ ነው። ፋሻ ነው ይል ይሆን? ካምቢዮ ነው? ልቤ ከቢየላው ጋር እኩል ትመታ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። አባቴ ካቻቢቴውን አወረደ፣ እጀታውን በሸሚዙ ጠረገ፣ ለእኔ ሳይመልስልኝ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ይደገም» አለ።

ጊታር መቺያችን ቁልፉን አጥፍቶ እንደገና አዞረው፤ ፍላሹም እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው ጀመረ።